የሚጮኸው ሣጥን ሳይመረመር አይፈረድበት

በአገራችን በጥንት ዘመን ሌባ የሚፈለግባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ልጁም እየተንገዳገደ ሄዶ በደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ያለ ምስክር ዕዳ ይከፍላል። ሁለተኛው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ነው። የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እያንዳንዱም ያየውንና የሰማውን ተራ በተራ ይናገራል። ይህም ቢሆን እንከን አላጣውም፤ ገበሬውን ከእርሻው ያስፈታ ነበር። ይሁን እንጂ ቢያንስ ይጠይቃል።

ይህን ያነሣነው ስለ ጥንት ሕግ ለመጻፍ አይደለም። ነገራችን ስለ ኮምፒዩተር ነው፤ ይልቁንም በውስጡ ስላለው ፓወር ሰፕላይ ስለሚባለው የብረት ሣጥን ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራባቸው ኮምፒዩተሮች ከፋብሪካ ታሽገው የመጡ አይደሉም። ቀፎው ከአንድ ሱቅ፥ ማዘርቦርዱ ካረጀ የመሥሪያ ቤት ማሽን፥ ራሙ ከጓደኛ፥ ፓወር ሰፕላዩ ከመርካቶ ተለቃቅሞ በካቻቢቴ የተገጣጠሙ ናቸው። እንዲህ ያለው ማሽን አንድ ቀን መጮኽ ሲጀምር ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል። «ፓወር ሰፕላዩ ሄዷል፥ ቀይረው» ይባላል። መቼ ጮኸ? እንዴት ያለ ጩኸት ነው? በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ተሰክቶ ነበር? ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሌባ ሻይ ፍርድ ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ ዕዳውን የሚከፍለው ሣጥኑ ሳይሆን ከወር ቀለቡ የሚቀንሰው ተማሪ መሆኑ ነው።

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አገባው» የሚሉን እንዳሉ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። አንድ ዜና መዋዕል ስናነብ ጸሐፊው ማን ነው፥ በስፍራው ነበር ወይ፥ ማንን ለማስደሰት ጻፈ ብለን እንድንጠይቅ ተምረናል። የሚጮኽ ማሽንም ምስክር ነው፤ ቃሉን የሚቀበለው ሰው ሊጠይቀው ይገባል። ብየዳውን ለቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንተወዋለን፤ ጥያቄውን ግን አንተውም።

ሣጥኑ ምን እንደሚሠራ ያላወቀ ጩኸቱን ሊመረምር አይችልም። ከግድግዳችን የሚመጣው ኃይል 220 ቮልት ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ኮምፒዩተሩ ግን የሚፈልገው የማይመላለስ 12፥ 5 እና 3.3 ቮልት ነው። ሣጥኑ በመጀመሪያ የሚመላለሰውን ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ በዚህ ጊዜ ቮልቱ ወደ 310 ይወጣና ካፓሲተር በሚባሉ ጣሳ መሰል ዕቃዎች ውስጥ እንደ ጋን ውሃ ይጠራቀማል። ከዚያም ትራንዚስተሮቹ ይህን ኃይል በሴኮንድ ብዙ አሥር ሺሕ ጊዜ እየቆራረጡ ወደ ትንሽ ትራንስፎርመር ይልኩታል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ተጣርቶ ይወጣል። ማጣሪያው ፍጹም አይደለም፤ ጥቂት መንቀጥቀጥ ምንጊዜም ይቀራል። ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣውና ለብዙ ዘመን በተሠራበት ኤቲኤክስ በሚባለው ደንብ መሠረት 12 ቮልት የሚባለው ከ11.4 በታች ከ12.6 በላይ መሆን የለበትም፤ በላዩ ያለው መንቀጥቀጥም ከ120 ሚሊቮልት እንዳያልፍ ተወስኗል።

እንግዲህ ጩኸት ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፤ አንዱ በጆሮ የሚሰማ፥ ሌላው በሽቦ ውስጥ የሚሄድ።

በጆሮ የሚሰማው ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ዓይነቱን መለየትም የምርመራው እኩሌታ ነው። የሚያንኳኳ ወይም የሚፍጨረጨር ድምፅ ከሆነ የማራገቢያው ነው፤ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ዘንጉን ይዞታል፥ ወይም አንድ ሽቦ ከክንፉ ጋር እየተላተመ ነው። ማለዳ ሲነሣ ጮኾ ሲሞቅ ዝም የሚል ማራገቢያ ዘይቱ እያለቀ ነው። እንደ ትንኝ ያለ ቀጭን ፉጨት ከሆነ የመጠምጠሚያዎቹ ነው፤ ኃይሉ ሲቆራረጥ የመዳቡ ሽቦ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። ይህ ሰውን ያሰለቻል እንጂ ብዙ ጊዜ ማሽኑን አይጎዳም። እንደ ንብ ቀፎ ያለ ወፍራም ጉርምርምታ ሲሆን ግን ከግድግዳው የመጣ ነገር ነው፤ 50 የነበረው ምልልስ 100 ሆኖ ይሰማል፥ በአንዳንድ ሣጥኖች ውስጥ ያለው ከባድ የብረት መጠምጠሚያም አብሮት ያዜማል። ጠቅ ጠቅ የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሣጥኑ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ስታቢላይዘር ነው። ቮልቱ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር በውስጡ ያለው ማብሪያ ቦታ ይለውጣል፤ ጠቅታው ከበዛ ስለ መስመሩ እየመሰከረ ነውና ሊደመጥ ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ በአገራችን መብራት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቻለ ሰው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፥ ባትሪና ኢንቨርተር ማስገባቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ርካሹ ኢንቨርተር የሚሰጠው ኃይል እንደ ማዕበል ለስልሶ የሚወጣና የሚወርድ ሳይሆን እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩም በዚህ ኃይል ሲሠራ ይጎረምራል። መስመር ኤሌክትሪክ ሲመጣ ዝም ካለ ጥፋቱ የሣጥኑ አይደለም።

በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ጩኸት የሚታወቀው በሌሎች ዕቃዎች አፍ ነው። ስፒከሩ ሙዚቃ ሳይኖር ያጉረመርማል፤ በማይክሮፎን የተቀዳው ድምፅ ከበስተኋላው እንደ ዝናብ ይሰማል፤ የብረቱን ቀፎ በባዶ እግር ቆሞ የነካው ሰው ይነዝረዋል። ይህን መንዘር ብዙ ሰው «ኮምፒዩተር እንዲሁ ነው» ብሎ ይተወዋል። በእርግጥ ምክንያት አለው። ሣጥኑ መግቢያ ላይ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ጩኸቱን እየያዙ በቀፎው አድርገው ወደ መሬት እንዲያወርዱ ነው የተሠሩት። የመሬት ሽቦ ካለ ሥራቸውን ይሠራሉ። የመሬት ሽቦ ከሌለ ግን የሚሄዱበት አጥተው ቀፎው ላይ የመስመሩን እኩሌታ፥ ማለት 110 ቮልት ያህል ያስቀምጡበታል። የሚፈሰው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም፤ እየበረታ ከሄደ ግን ሌላ ብልሽት ነውና ስፒናውን ነቅሎ መተው ነው። በየቤታችን ያለውን ሶኬት ብንመለከት በግራና በቀኝ የመሬት ሽቦ የሚነካባቸው የብረት ከንፈሮች አሉት፤ ከበስተኋላቸው ግን አንድም ሽቦ ያልታሰረባቸው ብዙዎች ናቸው። ሠራተኛው ሶኬቱን ሰቅሎ፥ ከንፈሩን አሳምሮ ሄዷል። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ተገዝቶ በዚህ ሶኬት ላይ ቢሰካ ያው ይነዝራል።

እዚህ ላይ ከደፋሮች ጋር አንስማማም። ሣጥኑ ስፒናው ከተነቀለ በኋላ እንኳ 300 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ያልተማረ እጅ ሊከፍተው አይገባም። ሳይከፈት የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ። አቧራውን ከውጭ በብሩሽ መጥረግ ይቻላል። ጩኸቱ ከፓወር ሰፕላዩ ነው ወይስ ከፕሮሰሰሩ ማራገቢያ? ለሚለው ጥያቄም የተጠቀለለ ወረቀት እንደ ቱቦ በጆሮ ይዞ ማዳመጥ ይበቃል። ይህ ካልበቃ ስፒናውን ነቅሎ፥ ሣጥኑን ከማሽኑ ሽቦዎች ሁሉ ለይቶ፥ በትልቁ ማያያዣ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ሽቦ ጋር በወረቀት ማያያዣ ብረት ማገናኘትና ከዚያ መሰካት ነው፤ ሣጥኑ ብቻውን ይነሣል። ብቻውን ሲሆን ከጮኸ ራሱ ነው፤ ዝም ካለ ምስክርነቱ ወደ ሌላ ይሄዳል።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈንን ነገር እንናገር። ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ከውጫሌ አልፎ መርሳ ከመደረሱ በፊት ያለች የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ውጫሌን በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምክንያት አገር ሁሉ ያውቃታል፤ ውርጌሳን የሚያውቃት ግን መንገደኛና የአገሯ ልጅ ብቻ ነው። እኛ የአገሯ ልጆች በክረምት ዕረፍታችን በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ለምነን ንባብ ቤት አቋቋምን፤ አንድ ኮምፒዩተርም ገጣጥመን አስቀመጥን። ምክንያቱ ጨዋታ አልነበረም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር እየተሰጠ ስለሆነ ማውስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ በፈተና ቀን ከጥያቄው ጋር ሳይሆን ከማሽኑ ጋር ይታገላል።

ማሽኑ ቀን ዝም ብሎ ይሠራል። ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፥ ከሥሩም ያ የንብ ቀፎ ጉርምርምታ ይሰማል፥ አንዳንዴም ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። መርሳ ተወስዶ ለአንድ ጠጋኝ ታየ፤ እዚያ ሲሰካ ዝም አለ። «ምንም የለበትም» ተብሎ ተመለሰ። ውርጌሳ ሲደርስ ጮኸ። ሁለተኛ ተወሰደ፤ ሁለተኛም ዝም አለ፤ የሆነ ሆኖ ጠጋኙ ፓወር ሰፕላዩን ቀይሮ ገንዘቡን ተቀበለ። አዲሱም ውርጌሳ ገብቶ በሦስተኛው ማታ ጮኸ። በዚህ ጊዜ «ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሌላ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ተነሣ። አንድ ተከሳሽ በሄደበት አገር ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ቤቱ ሲመለስ ብቻ ወንጀለኛ ከሆነ፥ መመርመር ያለበት ተከሳሹ ነው ወይስ ቤቱ?

ስለዚህ አውጫጭኙ ተጀመረ። አንድ ደብተር ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጩኸቱ የተሰማበት ሰዓትና በዚያ ሰዓት በግቢው የበራው ሁሉ ይጻፍበት ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ራሱን ገለጠ። ጩኸቱ የሚመጣው በየማታው ሳይሆን በየሦስተኛው ማታ ነበር። በየሦስተኛው ማታ በዚያ ግቢ የሚደረገው ነገር ምንድን ነው? እንጀራ ይጋገራል።

የግቢው ባለቤት አሮጊት እናታችን ናቸው። «እማማ፥ ምጣዱን ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሰኩት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ታዲያ እንጀራው ይቅር ልትሉኝ ነው?» አሉን። አላልናቸውም፤ ማለትም አይገባንም ነበር። ሙልቲሜትር ከአንድ መምህር ተውሰን ሶኬቱን ብንለካ ምጣዱ ሳይሰካ 209 ቮልት፥ ሲሰካ 178 ቮልት ሆነ።

ይህ 31 ቮልት የት ገባ? አንባብያን ሒሳቡን ከእኛ ጋር እንዲከተሉ እንለምናለን፤ ከአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ አያልፍም። የግቢው መስመር የሚመጣው 50 ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ ከሌላ ቤት ቆጣሪ ነው፤ ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቀጭን መዳብ ነው። ደርሶ መልስ 100 ሜትር ሲሆን 1.2 ኦም ያህል ይቃወማል። 3,500 ዋት የሚባለው ምጣድ በዚያ በወረደ ቮልት ላይ 13 አምፔር ያህል ይስባል፤ በሽቦው ላይ የሚጠፋው እንግዲህ 15 ወይም 16 ቮልት ነው። የቀረው 15 ቮልትስ? እሱን ያገኘነው በቤቱ ክዳን ሥር ነው። ከውጭ የመጣው የአሉሚኒየም ሽቦና የመዳቡ ሽቦ በእጅ ተጠማዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ ፕላስተሩ ቀልጦ ጠቁሯል፥ አጠገቡ ያለው እንጨትም ቡና መስሏል። አሉሚኒየምና መዳብ እንዲህ ሲጠማዘዙ ከጊዜ ብዛት እየላሉ ይሄዳሉ፤ በላሉ መጠንም ይግላሉ። 15 ቮልት በ13 አምፔር ቢባዛ 200 ዋት ያህል ነው። በእንጨትና በጭቃ ቤት ክዳን ሥር በየሦስተኛው ማታ 200 ዋት ሲነድ ነበር ማለት ነው።

የሣጥኑ ጩኸት ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው። ማሽኑ የሚፈልገው ኃይል አይቀንስም፤ ስለዚህ ቮልቱ ሲወርድ ሣጥኑ አምፔሩን ያበዛል፥ ይሞቃል፥ ማራገቢያውም ለማብረድ ይሮጣል። በዚያ ላይ የላላው ቅጥያ የሚያመጣው መቆራረጥ ሲጨመር ይጎረምራል፤ ከአቅሙ በታች ሲወርድበትም ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ቅጥያው በደንበኛ ማሰሪያ ታሰረ፥ ሽቦውም በ4 ካሬ ሚሊሜትር ተለወጠ። ምጣዱ ተሰክቶ ሲለካ 202 ቮልት ሆነ። የተፈረደበት አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሥር ተፈልጎ ተመልሶ ገባ፤ እስካሁን እየሠራ ነው። አዲሱ ተቀማጭ ሆኖ መደርደሪያ ላይ አለ።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችል ሆኖ ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኃይሉ 43 ሜጋዋት ያህል ነበር። በዚህ የማይደሰት ኢትዮጵያዊ አለ አንልም። ነገር ግን ከጉባ የተነሣው ኃይል ተራራና ሸለቆ አቋርጦ ይመጣና የመጨረሻዋ 50 ሜትር ላይ በአንዲት የተጠማዘዘች ሽቦ ተይዞ ይቀራል። በአንድ ቆጣሪ አራትና አምስት ቤት መጠቀም ልማድ ሆኗል፤ ድኻው ወዶ አያደርገውም፤ የራሱ ቆጣሪ እስኪደርሰው መብራት ሳያይ ሊያድር አይችልምና። የሚመለከተው ክፍል ስለ ግድቡ የሚያወራውን ያህል ስለዚህች 50 ሜትር ቢያወራ እንወዳለን።

ስለ ሣጥኑ ራሱም ቢሆን ንጹሕ ነው ብለን በጅምላ አንፈታውም። በገበያ የሚሸጠው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ በጎኑ ላይ በትልቅ ቁጥር 500 ዋት ተብሎ ይጻፍበታል። ገዢው ትንንሹን ጽሑፍ ያንብብ። 12 ቮልት በሚለው ረድፍ ላይ 16 አምፔር ቢል፥ 12 ጊዜ 16 ማለት 192 ዋት ነው፤ የዛሬ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ኃይል የሚወስደው ከዚህ ረድፍ ነውና 500 የሚለው ቃል ጌጥ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከልን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። እዚያ ያለው መስመር 120 ቮልት ስለሆነ፥ በአንዳንድ አሮጌ ሣጥኖች ጀርባ ላይ ያለችው ቀይ መለወጫ 115 ላይ ሆና ትመጣለች። ወደ 230 ሳትዛወር እዚህ ከተሰካ የሚሰማው ጩኸት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጭስ እንጂ ጩኸት የለም።

በመጨረሻ ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ክፍል እንምጣ። ይህ መጽሔት የሚጻፍበት ኮምፒዩተርም ያጉረመርማል፤ ለመጪው ስብሰባም አዲስ ፓወር ሰፕላይ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኛ እስኪመረመር ድረስ እንቃወማለን። በዚያው ገንዘብ አንድ ሙልቲሜትር ይገዛ፤ ለሁሉም ፋኩልቲ ተማሪ በመታወቂያ ይዋስ። የክፍሉ ሶኬት የመሬት ሽቦ እንዳለው በባለሙያ ይታይ። አንድ ደብተርም ከማሽኑ አጠገብ ይቀመጥ። ለጊዜው ግን በክፍሉ የሚሠሩት ጓደኞቻችን እንደ ነገሩን ጉርምርምታው የሚብሰው መጽሔቱ በሚባዛበት ቀን ነው። ማባዣውና ኮምፒዩተሩ በአንድ ድቫይደር ላይ ተሰክተዋል። ከስብሰባው በፊት ማባዣው በወዲያኛው ግድግዳ ወዳለው ሶኬት ይዛወርና አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጥ።